«አግዳሚ» ሲባል የትኛው? ለባለአንጓ የግንባታ ማማ አካላት የቀረበ ስያሜ

1. የጉዳዩ መነሻ

የሕንጻ ሠራተኛ ከመሬት ከፍ ብሎ ግንብ የሚገነባበት፣ የሚለስንበትና ቀለም የሚቀባበት ጊዜያዊ መዋቅር፣ በእንግሊዝኛ «ስካፎልዲንግ» የሚባለው፣ በአማርኛ እስካሁን አንድ የጸና ስም አላገኘም። በሥራ ቦታ አንዱ «መወጣጫ»፣ ሌላው «መቆሚያ» ይለዋል፤ መሐንዲሱ ደግሞ ባዕዱን ቃል እንዳለ ይወስደዋል። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጅግ ባላሳሰበ ነበር። የመላው መዋቅር ስም ቢለዋወጥም ዕቃው ገዝፎ ስለሚታይ ተናጋሪና ሰሚ መግባባታቸው አይቀርምና።

ዋናው ችግር ያለው በአካላቱ ስም ላይ ነው። በመዋቅሩ ውስጥ ተጋድሞ የሚታየው ብረት ወይም እንጨት ሁሉ «አግዳሚ» ይባላል። ነገር ግን ከእነዚህ አግዳሚዎች አንዱ ቋሚዎቹን ከመታጠፍ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የሠራተኛውንና የዕቃውን ክብደት ይሸከማል፤ ሦስተኛው ሠራተኛው እንዳይወድቅ ይከላከላል። «ያንን አግዳሚ አውልቀው» የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ የትኛው እንደ ሆነ ቃሉ አይናገርም። ሰሚው በግምት ይመርጣል፤ ግምቱም የሚፈጸመው ከመሬት ብዙ ሜትር ርቆ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኞች ከሥራቸው ጋር የተያያዘውን አደጋ በሚገባ እንዲያውቁ የማድረግን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ማሳወቅ ግን በቃል የሚፈጸም ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም በሚጠሩበት ቋንቋ የተሰጠ ማሳሰቢያ፣ በሕግ ፊት የተሰጠ ቢመስልም በሠራተኛው ጆሮ አልደረሰም። ስለሆነም የእነዚህን አካላት ስም መለየት ለመዝገበ ቃላት ማማር ሲባል ብቻ የሚሠራ ሥራ እንዳልሆነ ከወዲሁ እናስገነዝባለን።

በዚህ ጽሑፍ በቋሚ ልክ ተከፋፍሎ ለሚሠራው ዘመናዊ የብረት መዋቅር የአማርኛ ስያሜዎችን እናቀርባለን፤ እያንዳንዱን የመረጥንበትን ምክንያትም እናስረዳለን። ዋናው ሐሳባችን ይህ ነው፦ ቃላቱ በአብዛኛው በእጃችን አሉ፤ የቀረው እያንዳንዱ ቃል ከሌላው ጋር ያለውን ወሰን ለይቶ ማጽናት ነው።

2. ሲሪንቃን ለምሳሌነት ስለ መምረጣችን

ሲሪንቃ በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል ትገኛለች። በስሟ የሚጠራው የግብርና ምርምር ማዕከል ከሚሠራባቸው ሰብሎች አንዱ ማሽላ ነው። ማሽላና ስያሜ ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ማማው ነው። ማሽላ ዘለላ አውጥቶ እሸት ሲሆን ወፍ ይወርድበታል፤ ጠባቂውም በእርሻው መካከል ከአገዳው በላይ ከፍ ባለ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃል። ይህ ማማ ሰው ከመሬት ከፍ ብሎ ሥራ የሚሠራበት፣ ሥራው ሲያበቃ የሚፈርስ፣ እንጨቱም ለሌላ ጊዜ የሚያገለግል መዋቅር ነው። ስለ ግንባታ መዋቅር የምንሰጠው ፍቺ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሁለተኛው ምክንያት አካባቢው የባዕዳን ቃላት መተላለፊያ መሆኑ ነው። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከመንገድና ከሕንጻ ሥራ ጋር ጣውላ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ቡሎን፣ ሞራሌና አርማታ የሚሉት ቃላት በሀገራችን ተስፋፉ። ከዚያም የቴክኒክ ትምህርት የእንግሊዝኛውን ቃል አመጣ። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የአዋሽ-ኮምቦልቻ-ሐራ ገበያ የባቡር መሥመር በቱርክ ኩባንያ፣ ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለው ደግሞ በቻይና ኩባንያ እጅ ተያዘ። በአንድ አካባቢ የአማርኛ ተናጋሪው ሠራተኛ፣ የእንግሊዝኛው ንድፍና የሌላ ሀገር ተቆጣጣሪ በሚገናኙበት ጊዜ በመካከላቸው የሚቆመው አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የጸና ቃል ካላገኘ በየቀኑ የራሱን ቃል ይፈጥራል፤ የዛሬው ቃሉም ከትናንቱ ላይገጥም ይችላል።

በዚህ ላይ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ዘልቆ ብዙ የአገልግሎት ተቋማትን ጎድቷል። የተጎዳ ሕንጻ ሲጠገን ከአዲስ ሕንጻ ይልቅ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መቆሚያ ያስፈልገዋል፤ ግድግዳው ራሱ ደጋፊ መሆኑ አጠራጣሪ ነውና።

3. የገበሬው ማማና ቃላቱ

የእርሻ ማማ አሠራር ቀላል ነው። ጫፋቸው እንደ ሹካ የተከፈለ አራት እንጨቶች፣ ማለትም አራት ባላዎች፣ በአራት ማዕዘን ይተከላሉ። በባላዎቹ ላይ ጠንከር ያሉ እንጨቶች ይጋደማሉ። በእነዚህም ላይ ቀጫጭን እንጨቶች ይረበረባሉ። መጋጠሚያው በልጥ ወይም በገመድ ይታሰራል። የተረበረበው ርብራብ ይባላል፤ ጠባቂው የሚቆመው በርብራቡ ላይ ነው።

የቤቱ አሠራር ደግሞ ሌሎች ቃላት ይሰጠናል። በእንጨትና በጭቃ በሚሠራው ቤት ቀጥ ብሎ የሚተከለው ቋሚ፣ ቋሚዎቹን በአግድም እያያዘ በግድግዳው ርዝመት የሚሄደው ማገር ይባላል። ማገር ጣራውን አይሸከምም፤ ነገር ግን ማገር የሌለው ቋሚ ነፋስ ያንገዳግደዋል። የጣራውን ክብደት ተቀብሎ ወደ ቋሚ የሚያሳልፈው ወራጅ ነው። እንጨት ፈላጩ ግንድ የሚሰነጥቅበት፣ የመጥረቢያ እጄታ የሚያጠብቅበት ሹል እንጨት ወይም ብረት ሽብልቅ ይባላል።

ቋሚ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ባላ፣ ርብራብ፣ ሽብልቅ፦ ስድስቱም ቃላት በአንድ የገጠር ቤተሰብ አፍ ውስጥ ሕያዋን ናቸው። ከተማ የገባው የግንባታ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን ካሰብን፣ በአዲስ ሥራ ላይ አዲስ ቃል ከመጫን ይልቅ የሚያውቀውን ቃል ማስፋት የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው።

4. ስለ ዕቃው አጭር ማብራሪያ

ስያሜ ከመስጠት በፊት ዕቃውን ማወቅ ይገባል። በብዙ ከተሞቻችን ሕንጻ የሚቆመው በባሕር ዛፍ አጠና ነው፤ አጠናው በሚስማር ይመታል፣ አልፎ አልፎም በገመድ ይታሰራል። በአውሮፓም በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ድረስ የነበረው ይህ ነው። በለንደን የዳንኤል ፓልመር ጆንስ ሥራ ገመዱን በብረት ማያያዣ ተካው፤ ከዚያም እንጨቱ ራሱ በብረት ቧንቧ ተተካ። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው የቧንቧ ውጫዊ ስፋት 48.3 ሚሊ ሜትር ነው።

በቧንቧና በማያያዣ ብቻ የሚሠራው መዋቅር ነጻነት አለው፤ ማያያዣው በቧንቧው ርዝመት ላይ በማንኛውም ነጥብ ሊታሰር ይችላል። ነጻነቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ መለካት፣ መስተካከልና መጥበቅ አለበት፤ የሠራተኛው ችሎታ ካነሰ መዋቅሩ ያንሳል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፉት አዳዲስ መዋቅሮች ይህን ነጻነት ሆን ብለው ቀነሱት። በእንግሊዝ «ካፕሎክ» የተባለው መዋቅር በቋሚው ላይ ኩባያ የሚመስሉ መያዣዎችን በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በየደው፤ በአንዱ መያዣ እስከ አራት አግዳሚዎች ይገባሉ። በጀርመን ላየር የተባለው ድርጅት በ1974 እ.ኤ.አ. ባቀረበው መዋቅር ደግሞ በቋሚው ላይ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ስምንት ቀዳዳ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት ተበየደ። ከስምንቱ አራቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ቀጥተኛውን ማዕዘን በራሳቸው ያስጠብቃሉ፤ አራቱ ሰፋፊዎች ለሌሎች ማዕዘኖች ይሆናሉ። የአግዳሚው ጫፍ በብረቱ ላይ ይገባል፣ ሽብልቅ ይወርድበታል፣ በመዶሻ ይመታል፤ ሥራው አለቀ።

በዚህ አሠራር ንድፍ አውጪው አስቀድሞ የወሰነው ልክ በዕቃው ውስጥ ገብቷል። አግዳሚዎቹ በታወቁ ርዝመቶች፣ ለምሳሌ በ0.73፣ በ1.09፣ በ1.57፣ በ2.07፣ በ2.57 እና በ3.07 ሜትር ተሠርተው ይመጣሉ። ሠራተኛው ሜትር ይዞ አይለካም፤ ይቆጥራል። ይህ «ይቆጥራል» የሚለው ነጥብ ለስያሜያችን መሠረት ስለሆነ አንባቢው እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን።

5. የመላው መዋቅር ስም

«መወጣጫ» ከተወጣጣ የወጣ ነው፤ መውጣትን እንጂ በላይ ቆሞ መሥራትን አያመለክትም። መሰላልም፣ ደረጃም፣ የዳገት መንገድም መወጣጫ ናቸው። «መቆሚያ» ሥራውን ይቀርባል፤ ነገር ግን መ- እና -ያ የያዘው የስም ቅርጽ መሣሪያንም ቦታንም ስለሚገልጽ መቆሚያ የአውቶቡስ ማቆሚያን፣ የእግር ቦታንና የምርኩዝን ትርጉም ሁሉ ይጎትታል። ሁለቱም ቃላት በተራ ንግግር ይኑሩ፤ ለሙያ ግን ልቅ ናቸው።

«ማማ» ከእነዚህ የሚለየው ከግስ ያልወጣ የዕቃ ስም በመሆኑ ነው። በቋሚዎች ላይ ከፍ ብሎ የቆመን፣ ሰው የሚሠራበትን መዋቅር ብቻ ይጠራል። ቃሉ የአውሮፕላን መቆጣጠሪያ ማማ በሚለው ውስጥ ለቋሚ ሕንጻም ስለሚያገለግል፣ ለይቶ ለመናገር ሲያስፈልግ «የግንባታ ማማ» እንላለን። በሥራ ቦታ ግን ማማ ማለቱ ብቻውን ይበቃል።

ለመዋቅሩ ዐይነት መለያ ምን እንበል? የእንግሊዝኛው «ሞዱላር» ምንጩ በላቲን ትንሽ ልክ ማለት ነው። ብዙዎች ሊያስቡት የሚችሉት ቃል «ተገጣጣሚ» ነው፤ ተገጣጣሚ ቤት የሚለው አነጋገር የታወቀ ነውና። ነገር ግን የቧንቧና የማያያዣው ማማም ይገጣጠማል። ተገጣጣሚ ማለት ሁለቱን አይለይም፤ ልዩነታቸው መጋጠሚያው በተወሰነ ቦታ መሆኑና አለመሆኑ ላይ ነውና።

ለዚህ ልዩነት ቃሉን ከማሽላው ራሱ እናገኛለን። የማሽላ፣ የበቆሎ፣ የሸንበቆ አገዳ በየተወሰነ ርቀት አንጓ አለው፤ ቅጠሉ የሚወጣው ከአንጓው እንጂ ከሌላ ቦታ አይደለም። የአዲሱ ማማ ቋሚም እንዲሁ ነው፤ አግዳሚው የሚይዘው በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ባለው መያዣ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መያዣውን «አንጓ»፣ በዚህ ዘዴ የተሠራውን መዋቅር «ባለአንጓ ማማ» ብለነዋል። በቧንቧና በማያያዣ የሚሠራው «የማያያዣ ማማ»፣ በአጠና የሚሠራው «የአጠና ማማ» ይባላሉ።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተራ ንግግር አንጓ አንዳንድ ጊዜ እብጠቱን፣ አንዳንድ ጊዜ በሁለት እብጠቶች መካከል ያለውን ክፍል ይጠራል። በሙያ ቃልነቱ መያዣውን ብቻ እንዲጠራ፣ በሁለት አንጓዎች መካከል ያለው ርቀት «የአንጓ ልክ» እንዲባል ወስነናል።

6. ሦስቱ አግዳሚዎች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። «አግዳሚ» የሚለውን ቃል መጣል አያስፈልግም፤ ተጋድሞ ለሚገኘው ሁሉ የወል ስም ሆኖ ይቆይ። ከሥሩ ግን ሦስት የተጸውዖ ያህል የተለዩ ስሞች ይኑሩ።

የመጀመሪያው በግድግዳው ርዝመት ከቋሚ ወደ ቋሚ የሚሄደው፣ በእንግሊዝኛ «ሌጀር» የሚባለው ነው። ለዚህ ሁለት ቃላት ይፎካከራሉ፦ ወራጅና ማገር። ወራጅ መሸከምን ይናገራል። በማያያዣ ማማ ላይ ይህ ትክክል ይመስላል፤ በዚያ ተሻግረው የሚጋደሙት ቧንቧዎች ብዙውን ጊዜ በዚህኛው ላይ ያርፋሉና። በባለአንጓ ማማ ግን በርዝመት የሚሄደውና ተሻግሮ የሚሄደው በአንድ አንጓ ላይ እኩል ይገናኛሉ፤ ርብራቡ ተሻግሮ በሚሄደው ላይ ሲያርፍ ክብደቱ በዚያው በኩል በቀጥታ ወደ ቋሚው ይወርዳል። በርዝመት የሚሄደው ዋና ተግባር ቋሚዎቹን መያዝ ነው። ይህ የማገር ሥራ ነው፤ ስለዚህ «ማገር» ብለነዋል።

ማገር ስላልተሸከመ ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው እንዳይኖር ፍቺው መናገር ይኖርበታል። በ18ኛው ምእት ዓመት የስዊዝ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ሌዮንሃርድ ኦይለር እንዳሳየው፣ ቀጭን ቋሚ ከመታጠፉ በፊት ሊሸከም የሚችለው ክብደት ባልተያዘው ርዝመቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ያልተያዘው ርዝመት እጥፍ ቢሆን አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። በየ2 ሜትሩ በማገር ተይዞ የቆመ ቋሚ፣ መካከለኛው ማገር ቢነሣበት ነጻ ርዝመቱ 4 ሜትር ይሆናል። በዐይን የሚታይ ለውጥ የለም፤ አቅሙ ግን ሄዷል። በጭቃ ቤት አንድ ማገር ቢጎድል ቤቱ ላይፈርስ ይችላል፤ በባለአንጓ ማማ ግን ማገር ከሥራ መሪው ፈቃድ ውጭ አይነካም። ቃሉን ከቤቱ ወደ ማማው ስናሻግር ይህን ልዩነት አብረን ማሻገር አለብን።

ሁለተኛው ከግድግዳ ወደ ውጭ፣ ከኋለኛው ቋሚ ወደ ፊተኛው የሚሻገረው፣ በእንግሊዝኛ «ትራንሰም» የሚባለው ነው። «ተሻጋሪ» ብለነዋል። የሥነ ልሳን አንባብያን ተሻጋሪ ግስ በሚለው ስለሚያውቁት ቃሉ እንግዳ አይሆንባቸውም። ሁለቱ ሙያዎች ስለማይገናኙ የትርጉም መቀላቀል አያሰጋም፤ እንዲያውም በሰዋስው ድርጊቱ ወደ ሌላ እንደሚያልፍ፣ በማማውም ክብደቱ ከርብራቡ ወደ ቋሚዎቹ ያልፋል።

ተሻጋሪው የሚሸከመው ምን ያህል ነው? የአውሮፓው መደበኛ ደረጃ ቁጥር 12811 የማማን ጭነት በስድስት መደብ ይከፍለዋል፤ ዝቅተኛው በካሬ ሜትር 0.75፣ ከፍተኛው 6.0 ኪሎ ኒውተን ነው። በሦስተኛው መደብ፣ በ2.0 ኪሎ ኒውተን፣ ርዝመቱ 2.57፣ ወርዱ 1.09 ሜትር የሆነን ርብራብ ብንወስድ ስፋቱ 2.8 ካሬ ሜትር፣ ጠቅላላ ጭነቱ 5.6 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ወደ 570 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ተሻጋሪዎች ይህን እኩል ይካፈሉታል። ስለዚህ «ተሻጋሪ አውልቅ» ማለት በቅድሚያ «ርብራቡን አራግፍ» ማለት እንደ ሆነ ሠራተኛው ከቃሉ ሊረዳ ይገባል።

ሦስተኛው ሰው እንዳይወድቅ የሚከላከለው ነው። ይህ ሸክምም ማያያዣም አይደለም፤ መከታ ነው። መከታዎቹ ሦስት ስለሆኑ በሰው አካል ለየናቸው፦ «የወገብ መከታ»፣ «የጉልበት መከታ»፣ «የእግር መከታ»። የወገብ መከታ ከርብራቡ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የጉልበት መከታ በመካከል ይሆናል፤ የእግር መከታ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጣውላ ወይም ብረት ሆኖ እግርን ከመንሸራተት፣ ዕቃንም ከመውደቅ ያግዳል።

የአንጓ ልክ 50 ሳንቲ ሜትር በሆነበት ማማ ቀደም ብለን «ይቆጥራል» ያልነው እዚህ ላይ ይፈታል። ከርብራቡ በላይ የመጀመሪያው አንጓ የጉልበት መከታ፣ ሁለተኛው አንጓ የወገብ መከታ ቦታ ነው። «በሁለተኛው አንጓ የወገብ መከታ አስገባ» የሚል ትእዛዝ ሜትር አይፈልግም፤ ፊደል ላልቆጠረ ሠራተኛም ግልጽ ነው።

7. ስለ ቀሩት አካላት

ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በዘንበል የሚሄደውን «ሰያፍ» ብለነዋል። በግእዝ ንባብ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ ከሚባሉት አንዱ ነውና ቃሉ ለሊቃውንቱ የታወቀ ነው፤ በሥዕለ ንድፍም ቀጥ ላላለ መሥመር ያገለግላል። ማማው ወደ ጎን እንዳይንጋደድ የሚያደርገው ሰያፍ ነው።

ከቋሚው ሥር በመሬት ላይ የሚያርፈው ጠፍጣፋ ብረት «ጫማ»፣ በጥርስ እየተሽከረከረ ከፍታን የሚያስተካክለው «ባለጥርስ እግር» ይባል። የቡሎን ጥርስ የሚለው አነጋገር ስለጸና «ባለጥርስ» የሚለው አያሻማም። ጫፉ ላይ ሹካ ይዞ የቅርጽ እንጨት ተሸካሚውን ጨረር የሚቀበለው አካል በባዕድ ቋንቋ ረጅም ስም አለው፤ ለእኛ ግን ባላ ነው። «ባለጥርስ ባላ» ብለን ብንለው የሲሪንቃ ገበሬ ሳያስረዱት ያውቀዋል።

ከፍታን በተመለከተ ከርብራብ እስከ ርብራብ ያለውን፣ ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር የሚሆነውን፣ «እርከን» ብለነዋል፤ የተራራውን እርከን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። በርዝመት ከቋሚ እስከ ቋሚ ያለው «ርምጃ» ይባል፤ ቋሚው የማማው እግር ነውና ከእግር እስከ እግር ያለው ርምጃ ነው። «ባለሦስት እርከን፣ ባለአምስት ርምጃ ማማ» ሲባል የማማው መጠን በአንድ ሐረግ ይገለጣል።

ማማውን ከሕንጻው ግድግዳ ጋር ስለሚያያይዘው አካል ጥቂት ማለት ይገባል። «ልጓም» የሚለው ቃል ውበት አለው፤ ማማው እንደ ፈረስ ወደ ውጭ እንዳይሄድ የሚገታ ያስመስላልና። ነገር ግን ልጓም የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም። ይህ አካል ማማው ወደ ውጭ እንዳይወድቅ መሳብ፣ በነፋስ ወደ ግድግዳው እንዳይገፋም መግፋት አለበት። ልጓም ብንለው ሠራተኛው በሽቦ ብቻ ቢያስር ጥፋቱ የቃሉ ይሆናል። «ማሰሪያ» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ይወድቃል። ስለዚህ ውበቱን ትተን «የግድግዳ መያዣ» የሚለውን ተራ ስም መርጠናል። የሙያ ቃል በመጀመሪያ እውነተኛ፣ ቀጥሎ አጭር፣ ከዚያ በኋላ ያማረ ሊሆን ይገባዋል።

8. ስለ ቃላቱ እርባታና ስለ ባዕዳን ቃላት

ከመረጥናቸው ቃላት ሁለቱ ግስ ማስገኘታቸው ተጨማሪ ጥቅም ነው። ማገር «ማገረ፣ ተማገረ» ይላል፤ ርብራብ «ረበረበ፣ ተረበረበ» ይላል። «ሁለተኛው እርከን ተማግሯል፣ ገና አልተረበረበም» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሥራውን ደረጃ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ያሳውቃል። ባዕዱ ቃል ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ «ስካፎልዲንግ» ከ«ሠራ» እና ከ«አቆመ» ጋር ካልተጣመረ ግስ አይሆንም።

ይህ ማለት ባዕድ ቃል ሁሉ ይወገድ ማለት አይደለም። ጣውላና ቡሎን የአማርኛ ቃላት ሆነዋል፤ ብዙ ቁጥርና ባለቤትነት ይቀበላሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ሌላ ቃልም አያሻማቸውም። እነዚህን ለመተካት መድከም ጉልበት ማባከን ነው። መለኪያችን ቃሉ ከየት መጣ ሳይሆን አንዱን ዕቃ ከሌላው ይለያል ወይ የሚለው ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ወዛደር»ን የመሰሉ ቃላት ሲጸኑ፣ ብዙ ሌሎች ግን በወረቀት ላይ የቀሩበት ምክንያት አንዱ ይኸው ይመስለናል፤ ተናጋሪው በሌላ ቃል ሊገልጠው ያልቻለውን ነገር የጠሩለት ቃላት ጸኑ።

9. የቃላቱ ዝርዝር

ማማ፦ ሠራተኛ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራበት፣ ሥራው ሲያበቃ የሚፈርስ መዋቅር።
ባለአንጓ ማማ፦ ቋሚው በእኩል ርቀት አንጓዎች ያሉት፣ አካላቱ በተወሰነ ልክ የተሠሩ ማማ።
ቋሚ፦ ክብደትን ወደ መሬት የሚያወርድ ቀጥ ያለ አካል።
አንጓ፦ በቋሚው ላይ የተበየደ፣ አግዳሚና ሰያፍ የሚያዙበት መያዣ።
የአንጓ ልክ፦ ከአንጓ እስከ አንጓ ያለ ርቀት።
አግዳሚ፦ የማገር፣ የተሻጋሪና ብረት የሆነ መከታ የወል ስም።
ማገር፦ በግድግዳው ርዝመት ሄዶ ቋሚዎችን ከመታጠፍ የሚጠብቅ አግዳሚ፤ ያለ ሥራ መሪው ፈቃድ የማይነሣ።
ተሻጋሪ፦ ከኋለኛው ወደ ፊተኛው ቋሚ ተሻግሮ ርብራብን የሚሸከም አግዳሚ።
መከታ፦ ሰውና ዕቃ እንዳይወድቁ የሚከላከል አካል፤ የወገብ፣ የጉልበት፣ የእግር።
ሰያፍ፦ በዘንበል ሄዶ ማማው እንዳይንጋደድ የሚያደርግ አካል።
ርብራብ፦ ሠራተኛ የሚቆምበት፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ወለል።
ሽብልቅ፦ የአካሉን ጫፍ በአንጓው ላይ የሚያጠብቅ ሹል ብረት።
ጫማ፦ ከቋሚው ሥር የሚያርፍ ጠፍጣፋ ብረት።
ባለጥርስ እግር፦ የቋሚውን ከፍታ የሚያስተካክል አካል።
ባለጥርስ ባላ፦ በራሱ ላይ ጨረር የሚቀበል ተስተካካይ ሹካ።
የግድግዳ መያዣ፦ ማማውን ከሕንጻው ጋር በመሳብም በመግፋትም የሚያጸና አካል።
እርከን፦ ከርብራብ እስከ ርብራብ ያለ ከፍታ።
ርምጃ፦ በርዝመት ከቋሚ እስከ ቋሚ ያለ ርቀት።

10. ማጠቃለያ

ተርጓሚዎች ይህን ዝርዝር ሲጠቀሙ አንድ ነገር እንዲጠብቁ እናሳስባለን። ቃላቱ እንደ ማማው አካላት የተገጣጠሙ ናቸው፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው የቀረውን ያናጋል። ማገርን ተቀብሎ ተሻጋሪን «አግዳሚ» እያሉ መቀጠል፣ ከአሮጌው መደናገር የባሰ አዲስ መደናገር ያመጣል። በመመሪያ ጽሑፍም ሆነ በአፍ ትርጉም ዝርዝሩ በሙሉ ይወሰድ፤ የማይስማማ ቃል ቢገኝ ደግሞ ወሰኑ ከየትኛው ጎረቤት ቃል ጋር እንደተጋጨ ተገልጾ ይለወጥ።

«ርምጃ» የሚለው ስያሜ ርምጃ ወሰደ ከሚለው የተለመደ አነጋገር ጋር አንዳንድ ጊዜ ሊጋጭ እንደሚችል እናውቃለን። ከዚህ የተሻለ፣ በአንድ ቃል ከቋሚ እስከ ቋሚ ያለውን ርቀት የሚጠራ፣ በሕዝብ አነጋገር የሚሠራበት ቃል በሌላ አካባቢ ካለ አንባብያን ቃሉን፣ የሚነገርበትን ቦታና የሚጠራውን ዕቃ ገልጸው ቢልኩልን በሚቀጥለው ዝርዝር እናገባዋለን።